ዘሩን ያልካደ ሰው



ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከወጣቶች ትምህርት በኋላ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ቆይታ ቀረበችኝ። «መምህር፣ የባዮሎጂ ፈተና ላይ ስለ ዝግመተ ለውጥ ጥያቄ ሲመጣ መጽሐፉ ያለውን ብጽፍ እምነቴን ካድኩ ማለት ነው?» አለችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ ጊዜ አልወሰደብኝም። «የከሃዲዎች ትምህርት ነው፤ ተወው» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ቆይቶ ከጓደኛው እንደሰማሁት፣ ልጁን ያሳዘነው አለመስማማቴ ሳይሆን ያላነበብኩትን ነገር እንዳነበብኩ ሆኜ መናገሬ ነው። እውነቱን ነበር። አላነበብኩም።

ስለዚህ ለዚህችኛዋ ልጅ «ጥቂት ሳምንት ስጪኝ» አልኳት። ማንበብ ስጀምር የጠበቅሁት እንግሊዛዊው ዳርዊንን ነበር። ነገር ግን ልቤን የያዘው ሌላ ሰው ሆነ፤ የዳርዊንን ሐሳብ ወደ እርሻ ማሳ ያወረደ፣ በአገራችንም በበቅሎ የተጓዘ፣ በመጨረሻም ስለ ዘር እውነቱን በመናገሩ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ የሞተ ሰው። ስሙ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ ከዚሁ ታሪክ የወጣ ነውና።

ከሞስኮ እስከ ዳርዊን መጻሕፍት

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነበር። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1891 እና በ1892፣ ሩሲያን ታላቅ ረሃብ መታት። እንዲህ ባለ አገር ያደገው ወጣት የእርሻ ትምህርትን መረጠ።

በ1913 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄደ። የተማረው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ነበር። ቤትሰን የግሬጎር ሜንዴልን ሥራ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀ ሳይንቲስት ነው። ሜንዴልን ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በገዳሙ ጓሮ አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ነው። በካምብሪጅ ደግሞ ቫቪሎቭ ዳርዊን ራሱ ያነባቸው በነበሩት መጻሕፍት መካከል ተቀምጦ፣ በኅዳጋቸው ላይ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች ተመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የዳርዊን መጽሐፍ በዝንጀሮ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። በ1859 የታተመው ያ መጽሐፍ የሚጀምረው ግን ሰዎች በቤታቸው ካረቧቸው እንስሳትና ካለሟቸው ተክሎች ነው፤ ስለ እርግቦች ብዙ ያወራል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አርቢው የወደደውን መርጦ ያራባል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ ዝርያው ይለወጣል። ዳርዊን «ተፈጥሮም በድርቁ፣ በብርዱ፣ በበሽታው እንዲሁ ትመርጣለች» አለ። ይህን ተፈጥሯዊ ምርጫ ብሎ ጠራው።

ቫቪሎቭ ይህን ይዞ የራሱን ጥያቄ ጠየቀ፦ የምንበላው እህል ከየት መጣ? ከዱር ወደ ማሳ የገባው የት ነው?

ሁለት ታላላቅ ሐሳቦች

የመጀመሪያውን ሐሳቡን በ1920 በሳራቶቭ ከተማ በተደረገ ጉባኤ አቀረበ። የሚዛመዱ እህሎች የሚለዋወጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው አለ። ስንዴ ውስጥ ጥቁርና ነጭ፣ ለስላሳና ጠጉራም፣ ዛላው እንደ ጺም የሾለ ነገር ያለውና የሌለው ካለ፣ በዘመዱ በአጃ መሰል እህል ውስጥም ያው ልዩነት ይኖራል። ያልተገኘ ካለ ፈልጉት፤ የሆነ ቦታ አለ። አድማጮቹ ከኬሚስቱ ሜንዴሌቭ ጋር አነጻጸሩት፤ ሜንዴሌቭ ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች የሚቀመጡበትን ባዶ ቦታ በሠንጠረዡ ላይ ትቶ ነበርና።

ሁለተኛው ሐሳቡ የአዝርዕት መነሻ ቦታዎች የሚለው ነው። አንድ ሰብል በጠባብ ቦታ ላይ እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ፣ እዚያ ረጅም ዘመን ኖሯል ማለት ነው። ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ይህ ለመረዳት አይከብድም። ከጉንችሬ ተነስታችሁ ብዙም ሳትርቁ አነጋገሩ ሲለወጥ ትሰማላችሁ፤ ቸሃው፣ እነሞሩ፣ እንደጋኙ እርስ በርስ ይሰማማል፣ ግን ያው አይደለም። እንዲህ ያለ ልዩነት በአንድ ትውልድ አይፈጠርም። ቫቪሎቭም ስንዴውንና ገብሱን እንደ ቋንቋ አነበበ።

በ1926 ባሳተመው ሥራ የዓለምን አዝርዕት አምስት መነሻ ቦታዎች ዘረዘረ። ከአምስቱ አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነበር። ይህን የጻፈው ከሌሎች የደረሱትን ዘሮች መርምሮ እንጂ አገራችንን አይቶ አልነበረም። ስለዚህ ሊያይ መጣ።

በቅሎ፣ ዘርና ኮኛክ

ቫቪሎቭ በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ በ1919 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ነበር። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያና ስለ አብዮቱም ብዙ ጠየቁት። ከዚያ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን አቀና፤ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደርና በአክሱም አልፎ አስመራ ደረሰ። መንገዱ ወደ እኛ አካባቢ አላመጣውም።

በመንገድ ላይ ሽፍቶች አጋጠሙት። በማስታወሻው እንደጻፈው፣ የቀረውን ኮኛክ ላከላቸው፤ እነሱ ጠጥተው ሲተኙ ጓዙን ይዞ ሊነጋጋ ሲል ከአካባቢው ጠፋ። (ይህን ዘዴ ለወጣት ኅብረታችን አላቀርብም።)

ያየው ነገር ከጠበቀው በላይ ነበር። በአውሮፓ አንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ስንዴ ይበቅል ነበር። በእኛ አገር ግን በአንዱ ገበሬ ማሳ ላይ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ረጅሙ፣ አጭሩ ተደባልቆ ቆሟል። በትግራይና በኤርትራ ገበሬው ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይሉታል። ዝናቡ ካነሰ ገብሱ ይደርሳል፤ ከበቃ ስንዴውም ይጨመራል። ላላወቀ ሰው ይህ ዝርክርክነት ይመስላል። ቫቪሎቭ ግን በውስጡ የብዙ ሺህ ዓመት ጥበብ አየ። በሳራቶቭ «አለ» ብሎ የተነበየውን፣ ጺም የሌለውን የዱረም ስንዴ፣ ያገኘውም በዚሁ በእኛ አገር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን በከረጢት እያደረገ ወደ አገሩ ላከ።

ሁሉም ግምቱ ግን ትክክል አልነበረም። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ወደ ማሳ የገቡት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የእኛ ደጋ የበዙበትና የተለያዩበት ቤታቸው ነው። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና የአረቢካ ቡና ግን የእኛው ልጆች ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ቫቪሎቭን ለማሳነስ አይደለም። ሐሳቡን ማንም ሰው ዘሩን ይዞ ሊፈትነው በሚችል መንገድ ማስቀመጡ ነው ታላቅነቱ።

«እናንተ ካላችሁ ይሁን» ያላለ

ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራው ሰፋ። በሌኒንግራድ የሚመራው ተቋም ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሩብ ሚሊዮን የሚደርስ የዘር ናሙና ነበረው። በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ተነሣ። ሊሴንኮ ጂን የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። ዘሩን በብርድ ብታለማምደው ባሕርዩ ይለወጣል፤ የተለወጠውንም ለልጁ ያወርሳል ብሎ አስተማረ። ምርት በጥቂት ዓመታት እንደሚያሻቅብ ቃል ገባ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል ሲል፣ ሊሴንኮ ባጭር ጊዜ እንደሚያደርሰው ተናገረ። ስታሊን የወደደው የሊሴንኮን ቃል ነበር። የሊሴንኮ ተከታዮች የሜንዴልን ትምህርት ሲያጥላሉ መነኩሴ መሆኑን እንደ ነውር ይቆጥሩበት ነበር።

በመጀመሪያ ቫቪሎቭ ራሱ ሊሴንኮን ደግፎታል፤ የወጣቱ ሙከራ ጥሩ መስሎት አበረታቶታል። ታላላቅ ሰዎችም ይሳሳታሉ። ስህተቱ በገባው ጊዜ ግን ዝም አላለም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲታሰሩ እያየ፣ በ1939 በአደባባይ ወደ እሳት ብንወሰድ እንኳ ካመንንበት አንመለስም ብሎ ተናገረ።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር እየሰበሰበ ሳለ መጥተው ወሰዱት። በ1941 የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በእስር ቤት አብረውት ለታሰሩት ስለ አዝርዕትና ስለ ዘር ውርስ ያስተምር ነበር። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ በ55 ዓመቱ ሞተ። የሰው ልጅ እንዳይራብ ዕድሜውን ሙሉ ዘር የሰበሰበ ሰው የሞተው በረሃብ ነው። ሳራቶቭ ደግሞ ከ23 ዓመት በፊት የመጀመሪያ ታላቅ ሐሳቡን ያቀረበባት ከተማ ናት። መንግሥት በደል እንዳልነበረበት ያመነው በ1955 ነው።

እርሱ በእስር ሳለ ተቋሙ ያለበት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበ። ከተማይቱ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ድረስ 872 ቀን ተከባ ቆየች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። የቫቪሎቭ ባልደረቦች በዚያ ሁሉ ጊዜ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ የታጨቀባቸውን ክፍሎች ይጠብቁ ነበር። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች መካከል ሆኖ በረሃብ ሞተ። የኦቾሎኒ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ዘሩ ለሚመጣው ትውልድ ነው ብለው አልነኩትም።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ታሪክ ስንሰማ ሩቅ አይመስለንም። በደርግ ዘመን፣ በዚያው የርዕዮተ ዓለም ስም፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወላጆቻችን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸልየዋል፤ የታሰሩም አሉ። በጉባኤያችን የፊት ወንበር የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ጠይቋቸው። «እናንተ ካላችሁ ይሁን» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር፣ አለማለት ምን እንዳስከፈለ ይነግሯችኋል። ቫቪሎቭ ሰባኪ አልነበረም፤ እኔም ሰባኪ ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን እውነትን በፍርሃት አለመሸጥ ምን እንደሚመስል ከእርሱ ብማር አላፍርም።

የእናቶቻችን ጓሮ

ዘሩ በአገራችንም ጠባቂ አግኝቷል። በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የዘረመል ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ከ1979 ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ዘሩ ከምድር ሳይጠፋ ለመሰብሰብ ሮጡ። ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብም የእሳቸው ትግል ነበር። በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

የኢትዮጵያ ገብስ ለሌላው ዓለም ምን እንደሠራም እወቁ። የአሜሪካን የገብስ ማሳዎች የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ሲያጠቃቸው፣ በሽታውን የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከእኛ አገር ገብስ ነው። ስሙ የማይታወቅ አንድ የደጋ ገበሬ ከአያቱ የተቀበለውን ዘር ሳይጥል በመዝራቱ፣ በካሊፎርኒያ ያለ ሰው አዝመራው ዳነለት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እንሰት በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ ተክሎ፣ ተንከባክቦ፣ ፍቆና አብላልቶ ቆጮ የሚበላው ግን የኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሠራ ዩኒቨርሲቲ የለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን እየለዩ፣ የተሻለውን እያባዙ እዚህ አድርሰውታል። ዳርዊን ስለ እርግብ አርቢዎች የጻፈው ምርጫ በጉንችሬ ጓሮም ሲደረግ ኖሯል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴን ጓሮ አጠውልግ ገባበት። ይህን በሽታ አምጪው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአንድ የውጭ ባልደረባቸው ጋር በ1968 አሳውቀዋል፤ እስከ ዛሬ ግን ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። የታመመው ይነቀላል፣ ይቀበራል፤ የተቆረጠበት ቢላ በእሳት ይጸዳል። ቅጠሉ መሐሉ ቢጫ ሆኖ ሲታጠፍ፣ የአምስት የስድስት ዓመት ድካም በሳምንታት ሲወድቅ አየሁ። እናቴ ግን «ሁሉም አይሄድም» አለችኝ። በጓሮዋ አስታራም፣ ጓርዬም፣ ሌሎችም ስማቸውን የማላውቃቸው ነበሩ። ብዙው ወደቀ፤ ጥቂቱ ቆመ። ከቆመው ችግኝ አውጥታ ዛሬ ጓሮዋ እንደገና አረንጓዴ ነው።

«ለምን አንዱን ጥሩውን ብቻ አትተክዪም?» ብዬ ከዚያ በፊት ጠይቄያት ነበር። ኮሌጅ የበጠስኩት እኔ ነኝ፤ ትክክለኛዋ ግን እሷ ነበረች። ቫቪሎቭ በበቅሎ ተጉዞ የተማረውን እናቴ ከእናቷ ተቀብላዋለች። ልዩነት ከጠፋ ሕይወት በአንድ በሽታ ይወድቃል።

ለልጅቷ የሰጠሁት መልስ

በቀጠሯችን ቀን ለልጅቷ እንዲህ አልኳት። «ፈተናው የሚጠይቅሽ ሳይንቲስቶቹ ያሉትንና ያገኙትን ነው። እነሱ ያሉትን በታማኝነት መጻፍ ክህደት አይደለም። ያላሉትን እንዳሉ ማድረግ ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው።» ስለ ፍጥረት አቆጣጠርና ስለ ሰው አመጣጥ አማኞች ሁሉ በአንድ መንገድ እንደማይረዱ አልደበቅኋትም። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤሳ ግሬይ በክርስቶስ የሚያምን ሰው ሆኖ ዳርዊንን በይፋ ደግፎ ጽፏል፤ ሐሳቡን የተቃወሙ ቅን አማኞችም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። እኔ ራሴ ያልጨረስኳቸው ጥያቄዎች አሉኝ። እግዚአብሔር ፈጣሪ መሆኑን ግን አልጠራጠርም። የሠራውን ነገር ሰው ቀርቦ ቢመረምረው ሠሪው የሚያፍርበት አይመስለኝም። አዳም ለእንስሳቱ ስም እንዲያወጣ ወደ እርሱ አመጣለት እንጂ ዓይንህን ጨፍን አላለውም። ሰሎሞንም ከሊባኖስ ዝግባ እስከ ግንብ ላይ ተክል ድረስ ያስተምር እንደነበር ተጽፏል።

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እንግዲያውስ ባዮሎጂ ልመርጥ ነው» አለችኝ። ዛሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እየተዘጋጀች ነው።

ለእናንተም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው በዓል ቤት ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር ጓሮ ግቡ። የእያንዳንዱን እንሰት ስም፣ ለምን እንደሚሆን፣ ከማን እንደመጣ ጠይቃችሁ ጻፉ። አዲስ አበባ ያደጋችሁም ብትሆኑ ክትፎውን ከመብላታችሁ በፊት ቆጮው ከየትኛው እንደተፋቀ ጠይቁ። የእናቶቻችን ዕውቀት በየትም መዝገብ አልተጻፈም፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

በመጨረሻም ለዚያ ልጅ። ይህ መጽሔት እጅህ ከገባ፣ ያን ቀን ያልኩህ ስህተት ነበር። ሳላነብ ፈረድኩ። ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ይቅር በለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በዚያው ክፍል አለን፤ ወንበርህም አለ።